አባይነሽን ስላስነሳት ደወል

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ከበበ፣ የሆስፒታሉ ዋና አስተዳዳሪ
በሆስፒታሉ የግድግዳ ጋዜጣ «ሂስና ግለ ሂስ» በሚለው ዓምድ ሥር እንዲለጠፍልኝ የቀረበ
የካ፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

እጅግ የተከበሩ ጓድ ከበበ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ራስዎን፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም ዳሌዎን እንዴት ይዞዎታል? የእንጦጦ ብርድ በዚህ በጥር ወር ከባሕር ዛፉ መሀል እየተንደረደረ ሲወርድ አጥንት ላይ እንደሚበረታ ስለማውቅ፣ ከወንበርዎ በሚነሱበት ጊዜ ሁሉ ክንድዎን ይዞ የሚደግፍዎ ሰው ከአጠገብዎ እንዳይታጣ ከልብ እመኝልዎታለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። የሚደግፍ ሰው ሲታጣ ምን እንደሚሆን በባለቤቴ ላይ ያሳዩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ምኞቴ በቂ እውቀት ያለው ምኞት ነው።

ስሜ ዓምደ ሚካኤል ገበየሁ ይባላል። ያውቁኛል ብዬ አልደፍርም። ነገር ግን በመኪናዎ ሲገቡና ሲወጡ፣ ከሆስፒታሉ በር በስተግራ ባለው ድንጋይ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የሚቀመጥ ሽማግሌ ዓይንዎ ገብቶ ከሆነ እሱ እኔ ነኝ። ቤቴ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ነው። ዓይኔ እስኪደክም ድረስ እንጀራዬ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ስንቱን ባለጉዳይ «ክቡር ሆይ» እያልኩ አቤት አሰኝቼዋለሁ። አብዮቱ ሲመጣም «ክቡር» የምትለዋን ሰርዤ «ጓድ» እያልኩ ያንኑ አቤቱታ ለዚያው ሰው መጻፌን ቀጠልኩ። የራሴን አቤቱታ ግን እስከ ዛሬ ጽፌ አላውቅም። ዓይኔ ስለደከመ ፊደሌ ቢወላገድ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለመጻፍ የደፈርኩትም በራሴ ተነሳሽነት አይደለም። «ሠራተኛውም ታካሚውም ያለ ፍርሃት ሂሱን ያቅርብ» የሚል ማስታወቂያ በእርስዎ ፊርማ ተለጥፎ ስላነበብኩ፣ እንዲህ ያለውን ጥሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ነውር ነው ብዬ ነው። ዓምዱ ከተከፈተ ጀምሮ የወጣበት ጽሑፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም እርስዎን የሚያመሰግን ነው። ግድግዳው ላይ ብቻውን ሲያዩት ሆድ ያባባል። ብቻ መሆን ምን እንደሆነ ስለማውቅ ጓደኛ ልሁነው አልኩ።

ባለቤቴ ወይዘሮ አባይነሽ በመስከረም ደም ግፊት ጥሏት፣ ግራ ጎኗ ዝሎ፣ ሐሳቧም አንዳንዴ እየሄደ አንዳንዴ እየተመለሰ በሆስፒታልዎ የሴቶች ክፍል ተኛች። በመጀመሪያ ሰሞን እንደ ሀገሩ ልማድ አስታማሚዋ ሆኜ ከአልጋዋ ሥር እንድቀመጥ ተፈቅዶልኝ ነበር። አጎርሳታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፣ መነሳት ስታምራት በቀኝ ክንዷ ገብቼ አነሳታለሁ። ይህ ሁሉ ኋላ ቀር አሠራር እንደነበረ የገባኝ ሣጥኖቹ ሲመጡ ነው።

ስለ ሣጥኖቹ ለማያውቅ አንባቢ ባስረዳ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ከወዳጅ ሀገር ሕዝብ በእርዳታ የተላኩ፣ ከልብስ ሳሙና ብዙም የማይበልጡ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ሣጥኖች ናቸው። ሣጥኑ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል። ከእሱ የሚወጣው ገመድ በመቆንጠጫ ከሕመምተኛው ልብስ ትከሻ ላይ ይያዛል። ሕመምተኛው ቀና ካለ የገመዱ ጫፍ ከሣጥኑ ይነቀልና ደወሉ ይጮሃል፤ ሰው መጥቶ ጫፉን መልሶ እስኪሰካው ድረስም ዝም አይልም። ያዘዟቸውም ሆነ የሠሯቸው ሰዎች እጃቸው ይባረክ፣ መልካም ነገር ነው። እርስዎም ቀዩን ሪባን ቆርጠው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሆስፒታል ከአልጋው የሚወድቅ ሕመምተኛ የለም» ብለው በተናገሩ ጊዜ እኔም ከሁሉም ጋር አጨብጭቤያለሁ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን ማጣጠፍ ያን ጊዜም አሁንም አይመከርም።

በማግስቱ «ደወሉ ስለሚጠብቅ አስታማሚ ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ» የሚል መመሪያ ወጣ። ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ። ሐሙስና እሑድ በጥየቃ ሰዓት ካልሆነ በቀር ከዚያ ወዲህ አባይነሽን የሚጠብቃት ደወሉ፣ እኔን የሚጠብቀኝ ድንጋዩ ሆነ። እንግዲህ ሂሴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይነበብ ከሥራዬ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ደወሉ ሲጮህ ማን እንዲመጣ እንደታሰበ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሣጥኖቹ ጋር የመጣውን መመሪያ እዚያ ሀገር የተማረ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ አማርኛ መልሶት፣ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ዘርትሁን በግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበርና በአንድ እሑድ አንብቤዋለሁ። «ይህ መሣሪያ ሕመምተኛን አይዝም፤ ሰው ይጠራል። ሮጦ የሚደርስ ሰው በሌለበት አይታመኑበት» ይላል። ሠራተኛ በተለዋወጠ ቁጥር ይጩህ አይጩህ እንዲሞከር፣ ደወሉን ሰምቶ የመጣ ሰው አስቀድሞ ሕመምተኛውን እንዲይዝ፣ ከዚያም ውኃ ጠምቶት ይሁን ሽንት መጥቶበት ይሁን ሕመም በርትቶበት እንዲጠይቀው ያዝዛል። እኔ በአስታማሚነት ዘመኔ ያለ መመሪያ አደርገው የነበረው ይኸው ስለሆነ፣ ሳነብ የታወቀ ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ስመጣ ግን ወረቀቱ ተነስቶ በቦታው እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ የተነሱት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፎቶግራፉ ያምራል፤ ለሕመምተኞቹም የሚያዩት ነገር ሆኗቸዋል።

ሁለተኛ፣ ገመዱን ይመለከታል። ሳይንዘላዘል እንዲያምር ይመስለኛል፣ በጣም አጥረው አሰሩላት። አባይነሽ ስታስል ይጮሃል። ስትገላበጥ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ከወዲያ ማዶ «አሁንም አንቺ ነሽ?» የሚል ቁጣ ይመጣል፤ ቁጣው እግር ስለሌለው ግን ከበሩ አያልፍም። እሷም ተማረች። በአንድ ሐሙስ ስገባ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብላ ተኝታ በዓይኗ ብቻ ሰላም አለችኝ። እጄን እንድትይዝ እጄን ብዘረጋላት ጣቷን እንኳ አላነቃነቀችም። «እንዳይጮህ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ እንደ ሌባ። ጀርባዋ በመኝታ ብዛት ቆስሎ ነበር። ባለቤቴ በጉልምስናዋ ሰፈሩን አንድ እግሩ ላይ የምታቆም ሴት ነበረች፤ የእናንተን ሣጥን እንዳታስቀይም ስትሰጋ ማየት አንጀቴን በላው። ይህን ያህል ሥነ ሥርዓት ስላስተማራችሁልኝ ግን አመሰግናለሁ፤ እኔ በትዳር ዘመናችን ሁሉ አልተሳካልኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ባትሪው ድንጋይ ነው። በበዓሉ ሰሞን የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ድንጋይ ስላለቀበት የሣጥኖቹ ድንጋይ ለጊዜው በውሰት ተወስዷል። ድንጋዩ የወጣለት ሣጥን ከራስጌ ተሰቅሎ፣ ገመዱም ከልብሳቸው ተይዞ ሲያዩት ሕመምተኞቹ ምንም አልጠረጠሩም፤ የሚጠበቁ መስሏቸው ሰነበቱ። ተመልሶ መግባቱን ሲስተር ዘርትሁን በሐሜት ሳይሆን በእፎይታ ነግራኛለች። ስለ ንቃት የተደረገውን ንግግር ግን እኔም ከበር ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ድንጋዩ ጥሩ ድንጋይ ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ነገር ግን ጓድ ከበበ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ተራ ቁጥር አይችለውም። እንደ መጣልኝ ብናገረው ይሻላል።

ባለቤቴ ለምን እንደምትነሳ እስከ ዛሬ ከሲስተር ዘርትሁን በቀር ማንም አልጠየቃትም። ውኃ ጠምቷት አይደለም። በቀበሌያችን ደወል ሲደወል ስብሰባ ነው፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ ከቤታችን የምትወጣው እሷ ነበረች፣ እኔ ቀን ቀን ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ስለምውል። አንድ ቀን ብቻ ቀረች። ለጉልበቷ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ወጥታ፣ ደወሉ ሲደወል ተራራው ላይ ነበረች። በዚያ ስብሰባ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች ስም ተነበበ። የአንድ ልጃችን የለይኩን ስም ተነበበ። «ተቃውሞ ያለው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያለው ሰው ከተራራው አልወረደም ነበር። «ብኖር ኖሮ፣ አንድ ነው፣ ሌላ የለኝም እል ነበር» ትላለች። ብትኖር ኖሮ ይተዉት ነበር ብዬ አላምንም፤ እሷ ግን ታምናለች፤ ይህንን እምነቷን ለማስለቀቅ የሞከርኩት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው። ለይኩን ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤው ይመጣ ነበር፣ ከዚያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባይነሽ ያልተነሳችለት ደወል የለም። ትኩሳት ይዟት ወጥታለች። በዝናብ ወጥታለች። ተሰብሳቢው ሁሉ በጉልበቱ መሀል ራሱን ቀብሮ ሲያንቀላፋ እሷ አንገቷን አቅንታ፣ የሚነበበውን ስም ሁሉ ታዳምጣለች።

እንግዲህ እናንተ ከእንዲህ ያለች ሴት ራስጌ ላይ ደወል ሰቀላችሁ።

የሆነውን እነግርዎታለሁ። ሐሳቧ ሲሄድባት ወደ ጎን ዞር ትላለች፣ ሣጥኑ ይጮሃል። ሲጮህ ስብሰባ ተጠራ ብላ ትነሳለች። እንዳትነሳ የመጣው መሣሪያ ይቀሰቅሳታል። እሷም ብቻዋን አይደለችም። በክፍሉ የተኙት አሮጊቶች ሁሉ ደወል ሲሰሙ ተኝተው የሚቀሩ ሰዎች አይደሉም፤ አንዷ ቅዳሴ ገባ ብላ እያማተበች ቀና ትላለች፣ አንዷ ቀበሌ ስኳር መጣ ብላ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። እነሱም ሲነሱ የየራሳቸው ሣጥን ይጮሃል። ከጎኗ የተኙት ወይዘሮ ኩልሱም፣ እግራቸው በጀሶ የታሰረ ነጋዴ ናቸው፣ «ኧረ ዓምደ ሚካኤል፣ እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚነሳው እንዳይነሳ ነው እኮ» ብለው አሳቁኝ። ከወጣሁ በኋላ ግን ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ሳቁ ወዲያው ለቀቀኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። እኔ አጠገቧ በነበርኩ ጊዜ፣ ሐሳቧ ሄዶ ለመነሳት ስትታገል፣ ትከሻዋን ያዝ አድርጌ፣ «ስብሰባው አልቋል አባይነሽ። የለይኩን ስም አልተነበበም» እላታለሁ። «አልተነበበም?» ትላለች። «አልተነበበም» እላለሁ። ተንፍሳ ትተኛለች። በቃ፣ ሌላ ምንም አልነበረውም። ከክፍሉ በተባረርኩ ጊዜ ይህችን ቃል የሚላት ሰው እንዲኖር ብዬ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ለጸሐፊዎ አስረዳሁ። ጸሐፊዎ በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ «ስብሰባው አልቋል» የሚለው አነጋገር ሕዝቡን ከስብሰባ የሚያርቅ ስለሚመስል በሠራተኛ አንደበት ባይነገር ይመረጣል አሉኝ። ሲስተር ዘርትሁን ግን ተቀበለችኝ። ወይዘሮ ኩልሱምም ከአልጋቸው ሆነው ለመዱት፤ በራሳቸው ቅላጼ «ስብሰባው አለቀ የኔ እህት፣ ልጅሽ አልተጠራም» ይሏታል። አላህ ጤናቸውን ይመልስላቸው።

አሁን ወደ ወደቀችበት ረቡዕ ልምጣ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሠራተኞች የውይይት ክበብ መሆኑን ያውቃሉ፤ እርስዎ ነዎት የሚመሩት። የዚያን ቀን ርዕስ «የሥራ ዲሲፕሊን» እንደነበረ ከማስታወቂያው አንብቤያለሁ። ሲስተር ዘርትሁን በሴቶቹ ክፍል ሰው ስለሌለ ልቅር ብላ ብትለምን፣ ደወል ተሰቅሎ ሳለ ሰው ይቅር ማለት በእርዳታው ላይ እምነት ማጣት ነው ተብላ ተወሰደች። የአዳራሹ ደወል ተደወለ፣ እናንተ ሁላችሁ ተነሳችሁ። ጥቂት ቆይቶ የባለቤቴ ደወል ጮኸ፣ እሷም ተነሳች። በደወል በተነሱ ሰዎች መካከል መበላለጥ የለም ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ እናንተ ስትነሱ የቆማችሁበት እግር ጤነኛ መሆኑ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ኩልሱም በጀሶ ከታሰረ እግራቸው ጋር እየታገሉ፣ ስብሰባው አልቋል፣ ልጅሽ አልተጠራም እያሉ በሚችሉት ድምፅ ሁሉ ጮኸውላታል። እሷም ዘወር ብላ አይታቸዋለች አሉ። ነገር ግን የሚሰካው ሰው ስላልመጣ ደወሉ ዝም አላለም። ደወሉ እየጮኸ ስብሰባው አልቋል ቢባል ማን ያምናል? እኔም አላምንም ነበር። ደንበኛ ሴት ስለሆነች ነጠላዋን አጣፍታ፣ በራስጌዋ በኩል ወደ በሩ አንድ ሁለቴ እንደተራመደች ግራ እግሯ ከዳት። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ።

ስለ አደጋው የተጻፈውን ሪፖርት በሐሙሱ ጥየቃ ላይ ጸሐፊዎ አነበቡልኝ። «ሕመምተኛዋ ደወሉ እየጮኸ በመነሳቷ፣ የመሣሪያውን ማስጠንቀቂያ በመጣስ በራሷ ጥፋት ወድቃለች» ይላል። ጓድ ከበበ፣ የሙያ ሰው ነኝና የማደንቀውን አደንቃለሁ። በሕይወቴ ብዙ ክስና ብዙ መልስ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ነፃ የሚያወጣ ዓረፍተ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም። «በራሷ ጥፋት» የምትለዋ ከየት ተገኘች? ባልና ሚስት ሆነን ስንኖር የአባይነሽን ጥፋት በመፈለግ የሚያህለኝ አልነበረም፤ ጓዳዋን ስታዝረከርክ፣ ቡናዋን ስታቀጥን፣ ተቆጥቼ አውቃለሁ። ደወል ሲጠራት መነሳቷን ግን ከጥፋት መቁጠር አልመጣልኝም ነበር። ያስተማሯት እናንተው ናችሁ እኮ።

አሁን እግሯ በገመድ ወደ ላይ ተወጥሮ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ተኝታለች። ከራስጌዋም አዲስ ሣጥን ተሰቅሎላታል። መነሳት ስለማትችል አይጮህም። በወሩ የሥራ ክንውን ላይ «ሣጥኑ ከተተካ ወዲህ በዚህ አልጋ የመውደቅ አደጋ አልደረሰም» ተብሎ መጻፉን ስሰማ፣ እሰይ አልኩ። እንዲህ ያለ ውጤት ከየአልጋው ይገኝ ዘንድ ስንት ዳሌ እንደሚያስፈልግ ለማስላት ግን አልደፈርኩም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሣጥኖቹ ይነሱ አልልም፤ ይሰቀሉ። ገመዱ ሰው ለመገላበጥ እስኪበቃው ይርዘም፣ ድንጋዩም ለስብሰባ አይዋስ፣ ወረቀቷም ከፎቶግራፍዎ ጎን ቦታ ይፈለግላት። ሲጮህም የሚመጣ ሰው ይኑር፤ መጥቶም አይቆጣ፣ ምን ፈልገሽ ነው ብሎ ይጠይቅ። ሰው የለንም ከተባለ እኔ አለሁ። ደመወዝ አልፈልግም፣ ወንበር አልፈልግም፣ እንደ ቀድሞው ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። ለአባይነሽ ብቻ አይደለም፤ ሌላውም ሲጮህ እነሳለሁ። ቤቴ እንደሆነ ማንም የለበትም። በሩን ከፍቼ ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ ድምፅ ከጠፋ ጀምሮ፣ ቤት መግባትና ዋሻ መግባት አንድ ሆኖብኛል። ምሳዬን ለብቻዬ ስበላ መጉረስ አፍራለሁ። ይህን በማመልከቻ ላይ መጻፍ ያልተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ለደንበኞቼም «የግል ስሜት አያስገቡ» እያልኩ ስመክር ነበር የኖርኩት። ምን ይደረጋል፣ ዛሬ ደንበኛውም ጸሐፊውም እኔ ሆንኩና የሚከለክለኝ ታጣ።

ቶሎ እንዲወስኑልኝ የምለምነው በምክንያት ነው። ባለፈው እሑድ ጥየቃ ላይ አጠገቧ ቆሜ ሳለ፣ በመስኮቱ በኩል ካሉት አልጋዎች የአንዱ ሣጥን ጮኸ። አሮጊቶቹ እንደ ልማዳቸው ቀና ቀና አሉ። ወይዘሮ ኩልሱምና እኔ ወደ አባይነሽ ዞርን። ራሷን እንኳ አላነቃነቀችም፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው። ደንግጬ፣ ሳትጠይቀኝ፣ የለመድኩትን ቃል አልኳት። ስብሰባው አልቋል አባይነሽ፣ የለይኩን ስም አልተነበበም አልኳት።

«ተወኝ ዓምዴ» አለችኝ። «አንብበው ጨርሰዋል።»

ሐሳቧ ያን ጊዜ ፍጹም ደህና ነበር። እንዲህ ጥርት ብላ ከተናገረችኝ ብዙ ጊዜዋ ነው። ያልኳትን አላመነችኝም። እግሯ ይጠገናል ብላችኋል፣ ይጠገን ይሆናል። ለደወል መነሳት የተወች አባይነሽን ግን የሚያነሳት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። እየሄደችብኝ ነው፣ ጓድ ከበበ። ስትሄድ አጠገቧ ልቀመጥ። የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ይህን ሁሉ ለመስማት ውድ ጊዜዎን ስለሠዉ፣ ከክፍሉ አስወጥተው ንጹሕ አየር ስላስተነፈሱኝ፣ ባለቤቴን በመሣሪያ ስላስጠበቁ፣ እኔንም በስተርጅና ባለጉዳይ መሆን ምን እንደሚመስል ስላሳዩኝ፣ ምስጋናዬ እግሬ እስከ ደረሰበት ድረስ፣ ማለት እስከ በሩ ድረስ፣ የማያቋርጥ ነው። ጤናዎ ይብዛ። የሚጠብቅዎ ሁሉ ሰው ይሁን።

ከታላቅ አክብሮትና ከጓዳዊ ትሕትና ጋር
ዓምደ ሚካኤል ገበየሁ፣ የቀድሞ ማመልከቻ ጸሐፊ
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ በር በስተግራ፣ ድንጋዩ ላይ

ማስታወሻ፦ የደወሉ ድምፅ ደካማ ነው፣ አዳራሽ ድረስ ስላልተሰማን ነው የሚል ወሬ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የለጋሹን ሀገር ስም የሚያጎድፍ ስለሆነ ማስተባበል ግዴታዬ ነው። በዚያ ረቡዕ ደወሉ ከበሩ ውጭ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ድረስ ጥርት ብሎ ተሰምቷል። የእሷ እንደሆነ ልቤ ነገረኝና ተነሳሁ። ዘበኛው አቶ ኢታና፣ ደግ ሰው ነው፣ አትጠይቁብኝ፣ እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ «አባቴ፣ ስብሰባው ሳያልቅ ማንም አይገባም ተብያለሁ» አለኝ። ሁለታችንም ቆመን አዳመጥን። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ድንገት ዝም አለ። ሰው ደርሶላት የሰካው መስሎኝ፣ ተመስገን ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ኋላ ወይዘሮ ኩልሱም እንደነገሩኝ ግን ማንም አልመጣም፤ ስትወድቅ ልትደገፍበት የያዘችው ሣጥኑን ኖሮ፣ አብሯት ወርዶ ተሰብሮ ነው።